ጥንስስ

የምሠራው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ፋርማሲ ውስጥ ነው። አንድ ነገር እስካሁን አልለመድኩም። ሰው የመድኃኒቱን ዋጋ ሰምቶ ዝም ሲል ማየት። አንድ ቀን አንድ ያገሬ ሰው፣ የታክሲ ሹፌር ናቸው፣ የአምስት ኢንሱሊን ፔን (እንደ እስክሪብቶ ያለ መርፌ) ሒሳብ ስነግራቸው ቦርሳቸውን ከፍተው ቆዩ። ከዚያ «ልጄ፣ ከአምስቱ ፔን ሁለቱን ብቻ ስጪኝ» አሉኝ። ማታ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። እናቴም ስኳር አለባት።

እማዬ ያለችው አዳማ ነው። ጠላ ጠምቃ ነው ያሳደገችን። አሁን ትታዋለች። መብራት ሲጠፋ ኢንሱሊኑን በፌስታል ቋጥራ፣ በድሮ እንስራዋ ውስጥ ከውሃው በላይ በገመድ ታንጠለጥለዋለች። ሸክላ ያቀዘቅዛል።

በሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ሴምግሊ የሚባል ኢንሱሊን ሐኪሙ ጋ ሳይደወል ላንተስ በሚባለው ሌላ ኢንሱሊን ፋንታ እንዲሰጥ ፈቀደ። ከኢንሱሊን እንዲህ የተፈቀደለት የመጀመሪያው እሱ ነው። ከየት መጣ ብዬ ስፈልግ ባዮኮን የሚባለውን የህንድ መድኃኒት ድርጅት አገኘሁ፣ የመሠረተችውንም የባንጋሎሯን ኪራን ማዙምዳር ሾው።

ሴትዮዋ የተማረችው ቢራ ጠመቃ ነው! አባቷም ጠማቂ ነበሩ። አውስትራሊያ ተምራ አገሯ ስትገባ ሴት ስለሆነች የሚቀጥራት ጠፋ። በ1978 እ.ኤ.አ.፣ በ25 ዓመቷ፣ በ10,000 ሩፒ የኪራይ ቤት ጋራዥ ውስጥ ሥራ ጀመረች። ባንኮች ብድር ከለከሏት። መጀመሪያ ከፓፓያ ኢንዛይም ታወጣ ነበር። ኢንሱሊኑ የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፣ እሱም ከእርሾ። እርሾው ኢንሱሊን እንዲሠራ የኢንሱሊኑን ዘረ-መል እርሾው ውስጥ ይጨምሩበታል፣ በትልቅ የብረት ጋን ይቀልቡታል፣ ከዚያ አጣርተው ያወጡታል። በ2019 እ.ኤ.አ. ድርጅቷ ለድሃ አገሮች ኢንሱሊን በቀን ከ10 የአሜሪካ ሳንቲም ባነሰ ዋጋ አቀርባለሁ አለ። ያንን ሳነብ ድቅን ያሉብኝ እኚያ ሹፌር ናቸው።

ለእማዬ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ጋራዡም፣ ባንኩም አላስገረማት።

«ጋኑን በምን ታጥበዋለች?» አለችኝ።

«በፈላ እንፋሎት ነው እማዬ። አንዲት ባዕድ ጀርም ከገባች ሙሉው ይደፋል።»

«እንዴታ! እኔስ ግራዋ ሳላገኝ መቼ ጠንስሼ አውቃለሁ?»