በማስመሪያ የከፈልኩት ሊትር

ለሦስተኛ ክፍል ልጆች የፈሳሽ ልኬትን በእጅ ሥራ ላስተምር ስነሳ አንድ ሰው «መጀመሪያ ራስህ ውሃ ጨምርበትና እየው» ቢለኝ ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ ነበር።

ሥራው የውሃ መለኪያ መሥራት ነው፤ ቀላል ነው። የባለ 1 ሊትር የውሃ ፕላስቲክ አንገት ይቆረጣል፣ ጠርዙ እጅ እንዳይቆርጥ በፕላስተር ይሸፈናል፣ ጎኑ ላይ ወረቀት ተለጥፎ ይሰመራል። ወለሉ መርጠቡ አይቀርም፤ እሱ ችግር የለውም።

ነገሩ የተበላሸው መስመሩ ላይ ነው። በእጄ የነበረው የመምህር መምሪያ የተቆረጠውን ዕቃ ቁመት በማስመሪያ ለክቶ ለ10 እኩል ማካፈል፣ እያንዳንዱንም 100 ሚሊ ሊትር ብሎ መጻፍ ነው የሚለው። እኔም ሳላመነታ ሰሌዳው ላይ ገለበጥኩት፤ ጫፉ ላይ 1000 አስጻፍኳቸው። ያን ቀን ደግሞ ሱፐርቫይዘር ኋላ ተቀምጦ ነበር።

አንዲት ልጅ ማንም ሳያዛት ከቦርሳዋ ያልተከፈተ ባለ 1 ሊትር ውሃ አወጣች። ክዳኑን ከፍታ ወደ ሠራችው መለኪያ ቀስ እያለች ታንቆረቁር ጀመር። ውሃው 1000 ላይ ደረሰ፣ ጠርዙን አልፎ ደብተሯን አራሰ፤ ጠርሙሷ ውስጥ ግን ገና ውሃ አለ።

«ቲቸር፣ አንድ ሊትሩ አንድ ሊትሩ ውስጥ አልገባም።»

እኔስ ምን አልኩ? «ተጠንቅቀሽ ስላልቀዳሽ ነው።» እስካሁን የሚቆረቁረኝ ይቺ መልሴ ናት። የሱፐርቫይዘሩ አስተያየት በኋላ ሲደርሰኝ ስለ ወለሉ መርጠብ ሁለት መስመር ተጽፏል፤ ስለ ልኬቱ ግን አንዲት ቃል የለም።

ማታ ቤቴ ሆኜ ስመረምረው፣ ለካ አንገቱን ቆርጠን ስንጥል ከሊትሩ ላይም ቀንሰናል፤ የቀረውን ለ10 ከፍለን ሙሉ ሊትር ብለነዋል። ያ ብቻ ቢሆን ጥሩ። መርፌ የሌለው ባለ 10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ይዤ ከሥር ጀመርኩ። 100 ያልነው መስመር ላይ ለመድረስ 10 ስሪንጅ ያስፈልግ ነበር፤ በ7 ደረሰ። ፕላስቲኩን ገልብጬ ሳየው መቀመጫው ወደ ውስጥ የገባ ነው፤ ወገቡም ቀጭን። እኩል ቁመት እኩል ውሃ የሚይዘው ከላይ እስከ ታች ስፋቱ አንድ ከሆነ ብቻ ነው። ይህንኑ በቀመር ስንቴ አስተምሬዋለሁ መሰላችሁ!

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ መምሪያውን ዘግቼ ማስመሪያውን ሰበሰብኩ። አንዱ በስሪንጅ ይቀዳል፣ ሌላው ይቆጥራል፤ 10 ሲሞላ ውሃው የቆመበት ላይ መስመር። ስሪንጅ ከሌለ ሚዛን ይበቃል፤ 100 ግራም ውሃ ለክፍል ሥራ 100 ሚሊ ሊትር ነው። ወረቀቱንም ተዉት፣ ይሟሽሻል፤ ነጭ ፕላስተር ለጥፉና ሳይረጥብ በፊት በማርከር ምልክት አድርጉ። ልጆቹ ሲያነቡ ዕቃውን ወደ ዓይናቸው አያንሱ፤ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥና እነሱ ይንበርከኩ። ጠርዝ ጠርዙን ወደ ላይ የተሳበውን ሳይሆን መሐል ላይ ዝቅ ያለውን ውሃ ያንብቡ።

መምሪያው ሊትርን ወደ ሚሊ ሊትር መቀየር ያስቀድማል፤ እኔ አልስማማም። ቀጭንና ረጅም ብርጭቆ ውስጥ ያለው ውሃ ሰፊው ውስጥ ካለው ይበልጣል ብሎ ለሚከራከር ልጅ 1000 የሚባለው ቁጥር ምኑ ነው? መጀመሪያ እያገላበጠ ይቅዳና ራሱ ይየው።

መስመሮቹ እኩል አልሆኑም። ከ800 ያለፈም አልነበረም። ያቺ ልጅ በጣቷ እየተከተለች «ወገቡ ጋ ተራራቁ» አለች። ያኔ ባለፈው የተሳሳትኩት እኔ እንጂ እሷ እንዳልሆነች ክፍሉ እየሰማ ነገርኳት።

ትንሽ አሰበችና፣ «ደብተሬስ?» አለችኝ።