ፎቶው ያው ነው

ዛሬ ሻይ ሰዓት ላይ አንዷ የዘመዷን ፎቶ አሳየችን። "ውይ ስታምር! ዓይኗን እዩት!" ተባለ፣ እኔም አብሬ አደነቅኩ። ከዚያ "የሚጥል በሽታ አለባት እኮ" ስትል ሁሉም ጭጭ። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ስልኩን ተቀብሎ "ዓይኗ ግን ፈዘዝ ያለ ነው" አይል መሰላችሁ! ቅድም "እዩት" ያለው እኮ ያንኑ ዓይን ነው። በሽታው የአንጎል የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ለአፍታ ሲዛባ የሚመጣ ነው፣ አይጋባም፣ የዓይን ውበትም አይሰርቅም። ሳይኮሎጂስቱ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1920 ስለ ሰው ያለን ጥቅል ስሜት ሌላውን ዳኝነታችንን ሁሉ እንደሚያቀልመው ጽፎ ነበር፤ እኛ ጋ ሁለት ደቂቃም አልፈጀ። ሲከነክነኝ የዋለው ግን ዓይኗ ላይ እንከን ያወጣው ሰው ነገር አይደለም። ስልኩ እኔ ጋ ሲደርስ እኔም ፊቷ ላይ የሆነ ምልክት እየፈለግኩ ነበር።