ረዳቴ በሹክሹክታ የቆጠራቸው ቁጥሮች

በኮምፒውተሬ ውስጥ የሃያ ስምንት ደቂቃ ቪዲዮ አለ። ምስሉ ለሽያጭ የሚሆን አይደለም፤ ከየረር ተራራ በኩል እየጠቆረ የሚመጣ ደመና ብቻ ነው የሚታይበት። ያስቀመጥሁት ለድምፁ ነው። መብረቅ ብልጭ ባለ ቁጥር አንድ ወጣት ከካሜራው ኋላ ሆኖ በሹክሹክታ ይቆጥራል። መጀመሪያ ላይ ነጎድጓዱ ሳይሰማ ሠላሳ አንድ ይደርሳል። ቆይቶ አሥራ ዘጠኝ ላይ ይቋረጣል። ከዚያም ዘጠኝ ላይ። ቆጣሪው ረዳቴ ነው። እንዲህ መቁጠርን ያስተማርሁት እኔ ነኝ። ያን ዕለት ግን አንዱንም ቁጥር ጮክ ብሎ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ነገሩ የሆነው በመስከረም አጋማሽ፣ ከአቃቂ አለፍ ብሎ በሚገኘው በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ዳር ነው። አንድ ድርጅት ለግድግዳ የቀን መቁጠሪያ የሚሆን፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ውኃዎች ፎቶግራፍ እንዳነሳለት አዝዞኝ ነበር። ገፈርሳንና ለገዳዲን በክረምቱ ጨርሼ የቀረኝ አባ ሳሙኤል ብቻ ነበር። ሐይቅ እንበለው እንጂ ሰው የሠራው ነው፤ ትልቁና ትንሹ አቃቂ የከተማውን እድፍ ተሸክመው የሚገቡበት፣ 6.6 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ አሮጌ የኃይል ማመንጫ ግድብ ያቆረው ውኃ። ዳርቻውን እምቦጭ ወርሮታል፤ ነፋስ ሲነሳ ሽታውም ቀላል አይደለም። ሆኖም ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከምሥራቅ ዳርቻው ቆሜ ወደ ምዕራብ እንደማየው ያለ ማምሻ በከተማው ዙሪያ አላየሁም። ዝናቡ አየሩን ከአቧራ ያጥበዋል። ዝቅ ያለችው ፀሐይ ብርሃኗን በረጅሙ የአየር ሽፋን ውስጥ አቋርጣ ስትልከው ሰማያዊው በየመንገዱ ተበትኖ ይቀራል፤ ቀዩ ደርሶ የደመናውን ሆድ ከሥር ያበራዋል። ይብራው መሥመር ሠርቶ በዚያ ቀይ ውኃ ላይ ያልፋል። ታዲያ ይህ ሁሉ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ወደ ጎን ሳታዘነብል ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው፤ አድማሱን ካለፈች ከሃያ ደቂቃ ገደማ በኋላ ለካሜራ የሚሆን ብርሃን የለም። ለዚህ ሥራ የተሰጠ ሰው በዚያች ጥቂት ደቂቃ ሌላ ነገር አይታየውም።

የመብረቅ ደመናንና የፀሐይ መጥለቅን አብሮ ማንሳት የወደድሁት በሩቅ አገር ሐይቅ ፎቶግራፎች ነው። በአሜሪካ፣ በፍሎሪዳ ግዛት፣ ኦኪቾቢ የሚባል ሐይቅ አለ፤ ስሙ በአካባቢው ጥንታውያን ነዋሪዎች ቋንቋ «ትልቅ ውኃ» ማለት ነው። ስፋቱ 1,900 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ጥልቀቱ በአማካይ ሦስት ሜትር እንኳ አይሞላም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1928 ዓውሎ ነፋስ ያን ጥልቀት የሌለው ውኃ ገፍቶ በደቡብ ዳርቻው ባሉ ሰፈሮች ላይ ደፋውና ቢያንስ 2,500 ሰው ሞተ፤ ዛሬ ዙሪያውን 230 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ግድብ ከብቦታል። በዚያ አገር የሙቀት ወራት፣ ከሰዓት በኋላ የብሱ ሲግል በሐይቁ ዙሪያ ደመናው ግንብ ሠርቶ ይነሣል፤ ከውኃው በላይ ያለው ሰማይ ግን ብዙ ጊዜ ጥርት እንዳለ ይቆያል። ስለዚህ ባለ ካሜራው ግድቡ ላይ ቆሞ፣ ሜዳ በሆነው ውኃ ማዶ፣ መብረቁን ከነሥሩ ያያል። ፎቶግራፎቹን ለዓመታት ሳጠና ዓይኔ አንድ ነገር ለመደ፤ የመብረቅ ደመና ማለት ከፊት ለፊት የሚቆም፣ በመካከላችን ውኃ ያለ፣ የሚታይ ነገር ሆነብኝ።

በአባ ሳሙኤል ግን የእኔ ፊት ወደ ምዕራብ ነበር፤ ዝናቡ የመጣው ከየረር፣ ከጀርባዬ።

ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ደርሰን ነበር። መኪናችንን ከውኃው አራት መቶ ሜትር ያህል ርቀን አቆምን፤ የአቃቂ መረሬ አፈር ዝናብ ሲነካው ጎማ እንዴት እንደሚውጥ ስለማውቅ ከኮረኮንቹ አልወጣሁም። ባለ ሦስት እግሩን የካሜራ ማቆሚያ፣ ትራይፖዱን፣ ተክዬ ካሜራውን ወደ ፀሐይዋ አዞርሁ። ረዳቴን ሁለተኛውን ካሜራ ይዞ በስተኋላዬ ያለውን ደመና በቪዲዮ እንዲቀርፅ አደረግሁት። ከእኔ ጋር ሲሠራ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። ጨዋ ልጅ ነው፤ ስጠራው «አቤት ጋሼ» ብሎ ይነሣል፣ እስካላናገርሁት ድረስ አይናገርም። ያን ጊዜ ይህን ጠባዩን በሰው ፊት አመሰግነው ነበር።

አንድ አዛውንት ገበሬ በሬዎቻቸውን እያጣደፉ በአጠገባችን አለፉ። ከብት የሚያጣድፍ ሰው ማየት ብቻውን በቂ ማስጠንቀቂያ ነበር።

«ልጆቼ፣ ይህ የየረር ዝናብ ጊዜ አይሰጥም» አሉ።

«አሁን እንጨርሳለን፣ አባባ» አልኋቸው።

ሃያ እርምጃ ያህል ወዲያ ብቻውን ወደ ቆመው ግራር በዱላቸው አመለከቱ። «እዚያ ሥር እንዳትጠለሉ። አምና ሁለት በሬ ገድሎብኛል» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

አመስግኜ ወደ ካሜራዬ ተመለስሁ። ፀሐይዋ ለመጥለቅ የቀራት ግማሽ ሰዓት ገደማ ነበር፤ አንድ ረጅም ደመና ሥር ልትገባ ነበርና ከሥሩ የምትወጣበትን ክፍተት እየጠበቅሁ ነበር። ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ አይ ኤስ ኦውን፣ 100 ላይ አድርጌ፣ የሌንሱን ቀዳዳ አጥብቤ፣ የውኃውና የሰማዩ ብርሃን እንዲመጣጠን ከላይ የጠቆረ ፊልተር አሰርሁ። ነጎድጓዱን አልሰማሁም ማለት አልችልም፤ በቪዲዮው ላይ በደንብ ይሰማል። ጆሮዬ ሰምቶታል፣ ልቤ ግን ክፍተቱ ላይ ነበር።

ደንቡን የማያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባልከበደኝ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ከብልጭታው እስከ ነጎድጓዱ ሠላሳ ሰከንድ ከተቆጠረ መብረቁ ያለው አሥር ኪሎ ሜትር ላይ ነው፤ ከሠላሳ ካነሰ ሥራ ይቆማል፣ ወደ ቤት ወይም ጣሪያው ብረት ወደሆነ መኪና ይገባል፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም ሠላሳ ደቂቃ ይጠበቃል። መብረቅ ዝናቡን ቀድሞ፣ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ፀሐይ በሚታይበት ሰማይ ሥር ሊወድቅ ይችላል። ይህን ሁሉ ለረዳቴ ያስረዳሁት በሥራው የመጀመሪያ ሳምንት ነው። አጥንቶት ነበር፤ ከእኔ ይልቅ እሱ ነበር የያዘው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ፀሐይዋ ከደመናው ሥር ብቅ አለች። ውኃው እንደ ፍም ሆነ። አራት ጊዜ አነሳሁ። አምስተኛውን ላነሳ እጄን ወደ ካሜራው ስዘረጋ ከትራይፖዱ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ከቀፎ ውስጥ እንደሚመጣ የንብ ጉምጉምታ ያለ፣ ቀጭን፣ የማያቋርጥ። የክንዴ ጠጉር አንድ በአንድ ቆሞ አየሁት። ያን ጊዜ ብቻ ነው ዘወር ያልሁት። ሰማዩ ከየረር እስከ ጭንቅላታችን ድረስ እንደ ከሰል ጠቁሯል፤ ረዳቴ ካሜራውን በሁለት እጁ እንደያዘ እኔን እኔን ያያል። «ሩጥ!» የምትለዋን ቃል ጀምሬያለሁ፤ መጨረሴን አላውቅም።

የወደቀው ግራሩ ላይ ነው። ብርሃኑና ድምፁ አንድ ነበሩ፤ ቆጠራ የሚባል ነገር አልነበረም። እኔ በጉልበቴ ተደፋሁ። ረዳቴ እግሮቹን ከፍቶ፣ ሊሮጥ እርምጃ እንደጀመረ ነበር። መብረቅ ዛፍ ሲመታ ኃይሉ በመሬት ውስጥ ይሠራጫል፤ በአንድ እግር ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ በሁለቱ እግሮች መካከል ያለው ርቀት በሰፋ ቁጥር ጉዳቱ ይከፋል። የፊትና የኋላ እግራቸው የሚራራቅ ከብቶች ከሰው ይልቅ የሚሞቱትም በዚህ ምክንያት ነው። ልጁ ጭቃው ላይ ተዘርግቶ ዓይኑ ተከፍቶ ነበር። ይተነፍሳል።

«ጋሼ፣ እግሬ የለም» አለኝ።

እግሮቹ አሉ። ቀዝቅዘው፣ ነጭ ሆነው፣ እንደ እንጨት ደርቀው። በጀርባዬ አዝዬው አራት መቶውን ሜትር እንዴት እንደሄድሁ ዛሬም በቅጡ አላስታውስም። የማስታውሰው በረዶው ጀርባውን ሲመታው ትከሻዬ ላይ የሚሰማኝን ትንፋሽ ነው። ካሜራዎቹን እዚያው ትቻቸዋለሁ፤ በማግስቱ እኒያ አዛውንት በጆንያ ጠቅልለው ካስቀመጡበት ቤታቸው ተቀበልኋቸው። ገንዘብ ብሰጣቸው እንቢ አሉ፤ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ልጁስ?» ብለው ነበር።

ልጁ ወደ እኩለ ሌሊት ገደማ ጣቶቹን ማንቀሳቀስ ጀመረ። ሐኪሙ እንዲህ ያለው ሽባነት አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ የሚለቅ መሆኑን ነግሮኝ ልቡን ሲከታተሉለት አደሩ። በነጋታው በእግሩ ሄደ።

ቪዲዮውን ያየሁት ከሳምንት በኋላ ነው። ሠላሳ አንድ። ሃያ ስድስት። አሥራ ዘጠኝ። አሥራ አራት። ዘጠኝ። ሃያ ስድስት ላይ ድምፁ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር፤ እንደሚጠራኝ ያለ። ከዚያ ዝም ብሎ ቀጣዩን ብልጭታ ይጠብቃል። ዘጠኝን ሲል ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ማጫወቻውን አቁሜ ብዙ ቆየሁ።

ሲሻለው ጠየቅሁት። «ለምን አልነገርኸኝም?»

ወለሉን አየ። «እርስዎም ይሰማሉ ብዬ ነው፣ ጋሼ። እርስዎ ካልተነሡ እኔ ምን ብዬ...» አልጨረሰውም።

ከዚህ በላይ የሚለው ነገር አልነበረውም፤ ጥፋተኛውም እሱ አልነበረም። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ፣ በአንድ ሰርግ ላይ፣ «ጋሼ ባትሪው ሊያልቅ ነው» ሲለኝ በእንግዶች ፊት «ሥራህን ሥራ» ብዬው ነበር። እኔ ረስቼዋለሁ፤ እሱ አልረሳውም። ደንቡን አስተማርሁት እንጂ ደንቡን ተናግሮ እኔን ማስቆም የሚችልበትን ቦታ አልሰጠሁትም። ታላቅን ማክበር ከቤታችን ይዘነው የምንመጣው መልካም ነገር ነው፤ በሥራ ላይ ግን ታላቁ ራሱ ዝቅ ብሎ «ተናገር» ካላለ ያ አክብሮት የታናሹን አፍ ይዘጋል። ያን ምሽት ልጁ ከመብረቁ ይልቅ እኔን ፈርቶ ነበር። ይህን ማወቅ ከምንም በላይ አሞኛል።

እናቱ ዘንድ ሄድሁ። ይቅርታ ለማለት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ቡና አፈሉልኝ፣ አንድም ቃል አልወቀሱኝም። ስወጣ በር ላይ ብቻ «ለእርስዎ አምኜ ነው የሰጠሁት» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ቆጠራው የረዳቴ ነው። ጮክ ብሎ ይቆጥራል፤ ከሠላሳ በታች ሲሆን ዕቃ ማንሣት ይጀምራል፤ እኔን አያስፈቅድም። እኔ የመከራከር መብት የለኝም። ፎቶግራፍ ሳይነሣ የተመለስንበት ቀን አበሉ አይቀነስም፤ ይህን በጽሑፍ አድርጌዋለሁ፣ ምክንያቱም አበል የሚያጣ ሰው ቁጥሩን በልቡ ይዞ ዝም ሊል ይችላል። ቦታ የምንመርጠውም ከመኪናው ተነሥተን ነው፤ መኪናው የማይደርስበት ዳርቻ የቱንም ያህል ቢያምር አንቆምበትም። አራቱን ፎቶግራፎች ለድርጅቱ አላስረከብሁም። ለመስከረም ገጽ የገፈርሳን ሰጠሁ።

ዘንድሮ በሚያዝያ፣ በበልጉ ዝናብ፣ ወደ አባ ሳሙኤል ተመልሰን ነበር። ግራሩ ከአናቱ እስከ ግንዱ ተሰንጥቆ አንደኛው ጎኑ አቆጥቁጧል። ፀሐይ ልትጠልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀራት፣ ካሜራው ተዘጋጅቶ ሳለ፣ ከዝቋላ በኩል ብልጭ አለ።

«ሃያ ስምንት!» አለ ረዳቴ። ድምፁ በሜዳው ላይ አስተጋባ። ትራይፖዱን አጠፈ።

መኪናው ውስጥ ገብተን በሩን ዘጋን። ሰዓቱን ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጠ። ከፊት መስታወቱ ማዶ ሰማዩ ከብርቱካን ወደ ደም ቀይ ተለወጠ፤ የደመናው ጫፍ ሁሉ እንደ ተነጠረ ወርቅ አበራ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ ያለ አላየሁም። አሥር ደቂቃ። አሥራ አምስት። ብርሃኑ ወይን ጠጅ እየሆነ ሄደ፤ ገና የሚነሣ ነገር ነበር። ሃያ አራተኛው ደቂቃ ላይ እንደገና ነጎደ።

ረዳቴ ሰዓቱን ወደ ዜሮ መለሰው። «እንደገና ሠላሳ፣ ጋሼ» አለ፤ ፊቴን ሳያይ።

ካሜራውን ከጭኔ ላይ አንሥቼ ቦርሳው ውስጥ ከተትሁት።