የሜክሲኮ ቦሎቄ በጎንደር ድስት፣ የፊልም ወሬም በልኩ

«ጨው በመጠኑ» እና «አሪፍ ፊልም ነው፣ እየው» የአንድ እናት ልጆች ናቸው። የሚናገረው ሰው ያውቃል፣ የሚሰማው ግን ምንም አልያዘም። ከጓደኞቼ ጋር የፊልም አስተያየትና ቀላል የሜክሲኮ ቦሎቄ አሠራር መለዋወጥ ስንጀምር መጀመሪያ የከለከልነው እነዚህን ሁለቱን ነው። የሚከተለው ከብዙ ሙከራ በኋላ የጸናው ነው፤ ልኩ ለስድስት ሰው።

ከቦሎቄው ልጀምር፣ ቀድሞ የሚጣደው እሱ ስለሆነ። ግማሽ ኪሎ ቀይ ቦሎቄ ይበቃል። ቅዳሜ ገበያ ስገዛ የማየው ቆዳውን ነው፤ የሚያብረቀርቅና ያልተጨማደደ የዘንድሮ ምርት ነው፣ ደብዝዞ የተጨማደደው ከርሟል። የከረመ ቦሎቄ ቀኑን ሙሉ ቢፈላም መሃሉ እንደ ጠጠር ይቀራል። ከሁለት ሻጭ ገዝቶ መቀላቀልም አይሆንም፤ ግማሹ ሲፈርስ ግማሹ ገና ጥሬ ነው። ለቅሞ፣ አጥቦ፣ ሁለት ሊትር ውሃና አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው ውስጥ ማሳደር። ጨው ቦሎቄ ያደርቃል የሚባለው ስህተት ነው፣ እንዲያውም ቆዳውን ያለሰልሰዋል። የሚያደርቀው ቲማቲምና ሎሚ ነው፤ ኮምጣጣ ነገር በስሎ ሳያልቅ ከገባ ቆዳው አይላላም።

ጠዋት ያደረበትን ውሃ ደፍቼ በአዲስ ውሃ እጥዳለሁ፣ ውሃው ከቦሎቄው በአራት ጣት ከፍ ብሎ። ለሁለት የተከፈለ አንድ ሽንኩርት፣ ሦስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ሌላ ምንም። ሜክሲኮዎች ኤፓዞቴ የሚሉት ቅጠል አለ፣ እኛ ዘንድ አይገኝም። ከስሜን የሚወርደው ጦስኝ አንድ ቁንጥር ቢገባ ጣዕሙ ያው ባይሆንም ያምራል። መጀመሪያ ሠላሳ ደቂቃ እየተንፈቀፈቀ መፍላት አለበት። ይህን የምለው ለጣዕም አይደለም፤ ቀይ ቦሎቄ በደንብ ሳይፈላ በለብታ ብቻ ከበሰለ የሚያስመልስና የሚያስቀምጥ ነገር ውስጡ ይቀራል። መብራት መሃል ላይ ከጠፋ ወደ ከሰል ማዞርና እንደገና ማንፈቅፈቅ እንጂ በሙቀቱ ይጨርስ ብሎ መክደን አይገባም።

ከዚያ እሳቱ ይቀነሳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱን ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ በ100 አይደለም። ቆላ ያለ ሰው «አንድ ሰዓት ይበቃዋል» ቢላችሁ እውነቱን ነው፣ ለእሱ። ደግነቱ ሜክሲኮ ሲቲም 2,240 ሜትር ላይ ናት፤ የዚያ አገር ባለሙያ የሚቸገረው እንደኛው ነው። ያደረ ቦሎቄ በዝግታ እሳት ከሁለት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጅብኛል። ፕሬዠር ኩከር ያለው ሰው ማፏጨት ከጀመረ በኋላ 25 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ድስቱ ከግማሽ በላይ እንዳይሞላ ብቻ፣ አረፋው ማፏጫውን ይደፍነዋል።

በሸክላ የሚሠራ ሰው ቢኖር ይሻላል ባይ ነኝ። ይህ ምግብ ፍሪሆሌስ ዴ ኦያ ይባላል፣ ኦያ ድስት ማለት ነው፣ የጥንቱም ድስት ሸክላ ነበር። ወለቃ የሚሠራው ሸክላ ካገኛችሁ በደንብ ካሟሻችሁት ያገለግላል። ውሃ ሲያንስ ግን የፈላ ውሃ ጨምሩ፤ በጋለ ሸክላ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ካፈሰሳችሁ ድስቱ ጧ ብሎ ይሰነጠቃል፣ ቦሎቄውም አመድ ላይ ነው።

ፊልሙ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ድስት አጠገብ መቀመጥ አያስፈልግም፣ በየሠላሳ ደቂቃው ውሃውን ማየት ብቻ። ሜክሲኳዊው አልፎንሶ ኩዋሮን በ2018 የሠራው «ሮማ» 135 ደቂቃ ነው፤ ጎንደር የተወለደው ኃይሌ ገሪማ የሠራው «ጤዛ» ደግሞ 140። ሠላሳ ደቂቃው መንፈቅፈቅ ካለቀ በኋላ ፊልሙን ከከፈትን፣ ሲያልቅ ቦሎቄውም ደርሷል። ዘጠና ደቂቃ የሆነ ፊልም ለቦሎቄ አይመችም፣ ሁሉም እየራበው ድስት ከቦ ይቀመጣል።

ስለ አስተያየቱ። መጀመሪያ ከአሥር ነጥብ እንስጥ ተባብለን ነበር፤ ሁሉም ሰባትና ስምንት ሰጠ፣ ተውነው። አሁን የሚላከው አምስት ስድስት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ርዝመቱና ቋንቋው፣ ከማን ጋር እንደሚታይ፣ የት ላይ እንደሚሰለች፣ አንድ ዓይን ውስጥ የቀረ ነገር። የድምፅ መልእክት ከሆነ ከአንድ ደቂቃ በላይ ማንም አይሰማም። ለምሳሌ «ሮማ»ን እንዲህ ልኬዋለሁ፦ «ጥቁርና ነጭ ነው፣ ስፓኒሽና ሚሽቴክ (የሜክሲኮ ነባር ሕዝብ ቋንቋ) ይናገራሉ፣ ትርጉም ማንበብ የሚሰለቸው ይለፈው። የሜክሲኮ ሲቲ አንድ ቤተሰብና የቤት ሠራተኛቸው ናቸው። አጃቢ ሙዚቃ የለውም፣ መጀመሪያው ዝግ ያለ ነው። ሲከፈት ወለል ሲታጠብ ታያላችሁ፤ ውሃው ላይ አውሮፕላን ሲያልፍ ይታያል። እሱን ያልወደደ ቀሪውንም አይወድም።» ይህን አንብቦ የተወው ጓደኛ አለ፤ ተገቢ ነው፣ አስተያየት እኮ ለመተውም ይጠቅማል።

ታሪኩን ላለማበላሸት የያዝነው ልክ እስከ ሠላሳኛው ደቂቃ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሆነ ነገር አይነገርም። ግን «ጤዛ» በዘመን ወደፊትና ወደኋላ እንደሚመላለስ ቀድሞ መንገር ማበላሸት አይደለም፤ ካልተነገረው ተመልካቹ መሃል ላይ ይጠፋበታል። ፊልሙ እንዳለቀ የሚጻፍ አስተያየት ደግሞ ወይ በጣም ይሞቃል ወይ በጣም ይቀዘቅዛል፣ በማግስቱ ጠዋት የሚጻፈው ይሻላል።

ወደ ድስቱ ልመለስ፣ ሬፍሪቶስ ቀርቷል፣ ተጨፍልቆ የሚጠበሰው ቦሎቄ። ሁለት ጊዜ የተጠበሰ የሚመስላቸው አሉ፤ በሜክሲኮ ስፓኒሽ «ሬ» ማጥበቂያ ናት፣ በደንብ የተጠበሰ እንደማለት። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት (እነሱ የአሳማ ስብ ነው የሚጠቀሙት፣ በዘይት ከሠራነው ለረቡዕና ዓርብም ይሆናል)፣ ደቆ የተከተፈ አንድ ሽንኩርት ጠርዙ ቡናማ እስኪል። እንደ ወጥ ቁሌት ረጅም ጊዜ አይቁላላ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ከሙን። ከሙን ነጭ አዝሙድ አይደለም፤ ነጭ አዝሙድ የገባበት ወደ ሽሮ ይሄዳል። በርበሬማ ከገባ ወጥ ሆኖ አረፈው። ከዚያ ሦስት ኩባያ ቦሎቄ ከአንድ ኩባያ መረቁ ጋር ጨምሮ በማማሰያ ጀርባ መጨፍለቅ፣ ለአሥር ደቂቃ ያህል። መጥበሻው ላይ ማማሰያውን ስትስቡ ወለሉ ለአንድ አፍታ ከታየና ቱክ ቱክ ማለቱ ከከበደ አውርዱት። ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፤ ምድጃ ላይ ልክ የሆነ የመሰለው ማዕድ ላይ ሲሚንቶ ነው።

ማጣፈጫው ሳልሳ ነው። አራት ቲማቲም፣ ሁለት ቃሪያ፣ ግማሽ ሽንኩርትና ሁለት ፍሬ ያልተላጠ ነጭ ሽንኩርት በደረቅ ምጣድ ላይ ጥቁር ነጥብ እስኪያወጡ ጠብሶ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ልጦ፣ በሙቀጫ ጨፍልቆ፣ ጨውና የግማሽ ሎሚ ጭማቂ። ማሽን ውስጥ ከገባ አረፋማ ሮዝ ነገር ይሆናል፣ እመኑኝ ሙቀጫ ይሻላል። ላዩ ላይ በፍስክ አይብ፣ በጾም አቮካዶ።

ቶርቲያውን፣ የሜክሲኮን ስስ የበቆሎ ቂጣ፣ በእኛ በቆሎ ዱቄት ብቻ የሞከረ ሰው ሁሉ ይፈረካከስበታል። የእነሱ በቆሎ ሳይፈጭ በፊት በኖራ ውሃ ተቀቅሎ ያድራል፣ ከዚያ ይታጠባል፤ ሊጡን የሚያያይዘው እሱ ነው። የቀለም ኖራ ለዚህ አይሆንም፣ እንዳትሞክሩት። ሁለት ኩባያ በቆሎ ላይ አንድ ኩባያ የስንዴ ዱቄት ቀላቅሎ በሙቅ ውሃ ማቡካት፣ ሃያ ደቂቃ ማሳረፍ፣ ስስ አድርጎ ዳምጦ በጋለ ምጣድ በየጎኑ አንድ ደቂቃ። እንደወጣ ጨርቅ ውስጥ ካልተጠቀለለ ይደርቃል።

ኩባያ ስል 250 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ነው። አንዱ በሻይ ብርጭቆ፣ ሌላው በትልቁ የውሃ ብርጭቆ ሰፍሮ ስንከራከር የሰነበትነው በዚህ ነው። የተረፈው ቦሎቄ ከመረቁ ጋር ፍሪጅ ውስጥ አራት ቀን ይቆያል፤ ሙቁን ክዳን ገጥሞ ማሳደር ግን ያኮመጥጠዋል፣ ሰፋ ባለ ዕቃ አቀዝቅዞ ነው የሚገባው።