ወጨጫ ሻሹን ሳያስር

አየር ጤና ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ ስትቆሙ ወጨጫ ይታያል። ያደግኩት እሱን እያየሁ ነው። እማዬ ልብስ ከመዘፍዘፏ በፊት መጀመሪያ የምታየው ወደ ተራራው ነው። አናቱ ላይ ደመና ከተጠመጠመ፣ «ወጨጫ ሻሹን አስሯል፣ ዛሬ ልብስ አይደርቅም» ትላለች። ልጅ ሆኜ በቴሌቪዥን ከሚነገረው የአየር ጠባይ ይልቅ የማምነው የሷን ነበር። አሁንም እንደዚያው ነኝ።

ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ አየሁት እንጂ ወጥቼው አላውቅም ነበር። ባለፈው ጥቅምት መጨረሻ፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ወጣሁት።

ስድስት ነበርን፤ አራቱ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ፣ አንዱ የአክስቴ ልጅ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የተከራየነው ሚኒባስ በር ላይ መጣ። እማዬ ቀድማን ተነሥታለች። ሻይ በፔርሙዝ፣ ቆሎ በፌስታል፣ በሶ ጭብጦ በጨርቅ ጠቅልላ ጠበቀችን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው ለዚህ ነው። ሹራብ ደርቢ ስትለኝ ደርቤያለሁ አልኳት። አላመነችኝም፤ የራሷን ነጠላ አንገቴ ላይ ጠመጠመችልኝ።

«ኮሶ ካየሽ ፎቶ አንሺልኝ» አለችኝ በመጨረሻ። «አሁንም ካለ።»

እማዬ ያደገችው ሰበታ አካባቢ ነው፣ ወጨጫ ሥር። እሷም ጫፉን ረግጣው አታውቅም። አሁን ደግሞ ጉልበቷ አይፈቅድላትም።

ሰበታን አልፈን ከጅማ መንገድ ወደ ቀኝ ታጠፍን። ኮረኮንቹን ስንጨርስ መናገሻ ሱባ ጫካ ደረስን። መግቢያ ከፈልን፣ መንገድ የሚያሳየን አንድ የጫካ ጠባቂም አብሮን ወጣ። ጎልማሳ ናቸው፣ ጋሼ እያልናቸው ሄድን። ቀልጠፍ ያሉ ናቸው። ከስድስታችን ይልቅ የሳቸው እርምጃ ይረዝማል።

መጀመሪያ ያለፍነው በፈረንጅ ጥድ መሀል ነው። ተተክሎ ያደገ ነው፣ ቀጥ ቀጥ ብሎ ተሰልፏል። ሥሩ ጭር ያለ ነው፤ ሣር የለም፣ የወፍ ድምፅም ብዙ አይሰማም። ትንሽ ከፍ እንዳልን የሐበሻው ጥድ ጀመረ፤ ያኔ ሁሉም ነገር ተለወጠ። አየሩ ራሱ ሌላ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ የሚቀበላችሁ ዓይነት ቅዝቃዜና ሽታ አለው። ወይራው፣ ዝግባው፣ ጥቁር እንጨቱ ተደባልቆ ቆሟል። አንዱን ጥድ ለማቀፍ አራት ሰው እጅ ለእጅ ተያያዝን፤ ገና አልተገናኘንም። ልጡ እንደ ገመድ እየተተለተለ ወደ ታች ይወርዳል። ጉንጬን አስጠግቼ አሸተትኩት። የአያቴ ሣጥን ሽታ ነው።

ስለዚህ ጫካ የሚነገረውን ጋሼ አጫወቱን። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተክለውታል ይባላል። ወፍ ዋሻ ሰሜን ሸዋ ነው፣ አንኮበር አካባቢ። ዘር ተሸክሞ ያንን ሁሉ መንገድ የተጓዘ ሰው አለ ማለት ነው። የሱን ስም ማንም አልጻፈውም፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ያሰብኩት ስለ እሱ ነበር። የያዘውን ዘር ዛፍ ሆኖ እንደማያየው እያወቀ ተሸክሞት መጣ።

ጉሬዛዎቹን ያገኘናቸው እዚያው ነው። ነጩ ፀጉራቸው ከጀርባቸው እንደ ካባ እየተውለበለበ ከዛፍ ዛፍ ይወረወራሉ። አንድ አረንጓዴ ወፍም ከፊታችን በረረ፤ ክንፉን ሲዘረጋ ውስጡ ደም የመሰለ ቀይ ነው። የአክስቴ ልጅ ካሜራውን እስኪያወጣ ጠፋ።

ሁለት ሰዓት ያህል ከወጣን በኋላ ጥዱ ሳሳ። ዛፎቹ አጠሩ፣ ግንዳቸው ተጣመመ፣ ሽበት የመሰለ ነገር ከቅርንጫፋቸው ተንጠለጠለ። ጋሼ ቆም አሉና በዱላቸው ጠቆሙ።

«ያውልሽ ኮሶሽ።»

አበባው እንደ ወይን ዘለላ ቁልቁል ተንዠርጓል። ከሩቅ የደረቀ ቅጠል ይመስላል። ሲጠጉት ግን እያንዳንዱ ዘለላ በሺህ ጥቃቅን ቀያይ አበባ የተሞላ ነው። ቅጠሉን ስገለብጠው ሥሩ ብር ብር የሚል ጸጉር አለው። ቅርፊቱ ቀላ ያለ ነው፣ እየተቀረፈ ይወድቃል። «እንደ ኮሶ መረረኝ» ስል የኖርኩበትን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኔ አየሁት።

ትሉም ዛፉም አንድ ስም ነው ያላቸው። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው ሆዱ ውስጥ ኮሶ ሊኖርበት ይችላል፣ የሚያወጣለትም ኮሶ ነው። እማዬ ትንሽ ልጅ እያለች እናቷ የደረቀውን አበባ ፈጭተው በውኃ በጥብጠው ያጠጧት ነበር። ቁርስ ሳትቀምስ፣ ገና በጠዋት። አፍንጫዋን ይይዙላታል፣ ከዚያ አንዴ ግጥም። ይህን ስትነግረኝ ሁልጊዜ የምትጨርሰው «ጠላቴ ይጠጣው» ብላ ነው። ዛሬ ክኒን አለ። ኮሶ የሚያጠጣ ሰውም ዛፉን የሚያውቅ ሰውም እያነሰ ሄዷል። ከስድስታችን ዛፉን የሚለይ አልነበረም፤ ጋሼ ባይኖሩ ኖሮ አልፈነው እንሄድ ነበር። ይህ ከልቤ ያሳዝነኛል።

ፎቶውን አንድ ሃያ ጊዜ አነሣሁት።

ከኮሶው በላይ አስታና አሜጃ የሚባሉ ቁጥቋጦዎች ናቸው። አሜጃው ቢጫ አበባውን አውጥቷል። መንገዱ ቀጥ ያለ ዳገት ሆነ። እዚህ ላይ ትንፋሼ እጅ ሰጠ። ተራራው 3,400 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ ከፍታ ላይ የሚገኘው ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሁለት ሦስተኛውን ያህል ነው። አዲስ አበባ ስለምንኖር ለምደነዋል ብዬ ነበር፤ እግሬ ግን አልተስማማም። ሃያ እርምጃ፣ ከዚያ ቆም። ሃያ እርምጃ፣ ቆም። ጭብጦው ያዳነን እዚህ ጋ ነው። በጣቴ እየቆረስኩ ስበላ ጉልበቴ ሲመለስ ይታወቀኝ ነበር።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ጫፉ ላይ ቆምን።

በስተምሥራቅ አዲስ አበባ አለች። ያ ሁሉ ፎቅ፣ ያ ሁሉ ጩኸት፣ ከላይ ሲታይ ግራጫ አቧራ የተበተነበት ሜዳ ነው። ከማዶዋ የረር ቆሟል። በስተደቡብ ዝቋላ ብቻውን ጉብ ብሏል። ከሥራችን የበቾ ሜዳ ተዘርግቷል፣ ጤፉ ቢጫ መሆን ጀምሯል፣ በነፋስ ሲተኛና ሲነሣ ይታያል። ወጨጫ፣ ፉሪ፣ የረር፣ ዝቋላ፣ ሁሉም ድሮ እሳተ ገሞራ ነበሩ። ይህች ከተማ በጠፉ እሳቶች ተከባ የተቀመጠች ናት። ማንም ሲያወራ አልሰማሁም፣ ሁላችንም ዝም ብለን ነበር።

ሰፈሬን ስፈልግ ስልኬ ጠራ። እማዬ ናት።

«ደረሳችሁ?»

«ደርሰናል እማዬ፣ ጫፉ ላይ ነኝ! በረንዳ ላይ ነሽ? ወደ እኔ እያየሽ ነው?»

«እያየሁሽ ነው። አንቺ ልጅ፣ ከጎን በኩል ሻሹን እያመጣ ነው። ውረዱ።»

ዞር አልኩ። ከበላያችን ሰማዩ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው። ለጋሼ ነገርኳቸው። ወደ ጎን ተራመድ ብለው ከቋጥኙ ማዶ አዩ፣ «እናትሽ እውነት ብላለች» አሉ። ገደሉን ይዞ ነጭ ጉም እየወጣ ነበር። እኛ ከቆምንበት አይታይም፤ አየር ጤና በረንዳ ላይ ለቆመ ሰው ግን ይታያል። ዕቃችንን ሰብስበን መውረድ ጀመርን። አስታው ውስጥ ስንገባ ጉሙ ደረሰብን፣ ከፊቴ ካለው ሰው ሌላ የሚታየኝ ነገር አልነበረም። ጋሼ እየተጣሩ አወረዱን። ጫፉ ላይ ብንቆይ ኖሮ መንገዱን ማግኘት ከባድ ይሆን ነበር፤ ይህን ያሉት እሳቸው ናቸው።

ጥዱ መሀል ስንገባ ጉሙ ቀረ። ቁልቁለቱ ለጉልበት ከዳገቱ ይብሳል፣ ስለሱ ብዙ አልጽፍም። ጫካው ጠርዝ ላይ ግን ጠዋት ያላየነውን አየን፤ በቅርብ የተቆረጠ የጥድ ጉቶ። ቀይ እምብርቱ ገና ሙጫ ያወጣ ነበር። ጋሼ ቁጭ አሉና እጃቸውን ጫኑበት። ክበቦቹን መቁጠር ጀመርኩ፣ መቶን ሳልፍ ሚኒባሱ ጡሩምባ ነፋ። ከመሀሉ ገና ብዙ ይቀረኝ ነበር።

ቤት ስደርስ 11 ሰዓት ሆኖ ነበር። እማዬ እዚያው በረንዳው ላይ ናት። ወጨጫ እስከ ወገቡ ተሸፍኗል። ነጠላዋን መለስኩላት፣ አሸተተችው፣ «ጥድ ጥድ ይላል» አለች። መነጽሯን አድርጋ ስልኩን ተቀበለችኝ። ፎቶውን በሁለት ጣቷ እየለጠጠች አየችው።

«ቀዩ ነው» አለች። «የሚጠጣው እሱ ነው።»

ከዚያ ፊቷን ጭምድድ አድርጋ፣ አሁን የጠጣችው ይመስል፣ ምራቋን ዋጠች።