የተወለወለው ናስ

ፊዚክስ ላብራቶሪ ውስጥ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ነው። መደርደሪያው ጥግ ላይ ፖስት ኦፊስ ቦክስ የሚባል አንድ አሮጌ የሬዚስታንስ (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚገታ ኃይል) መለኪያ ነበር። የእንጨት ሳጥን ነው፤ ክዳኑ ኤቦናይት የሚባል ጥቁር ጠንካራ ጎማ ሆኖ ላዩ ላይ የናስ ቁራጮች ተደርድረዋል። በቁራጮቹ መሃል ያሉት ቀዳዳዎች በናስ ውታፍ ይደፈናሉ። ውታፉ ሲነቀል ከሥሩ ያለው ጥቅል ሽቦ ሬዚስታንሱን ይጨምራል። ሲሰካ ደግሞ ኤሌክትሪኩ ጥቅሉን ትቶ በናሱ በኩል ያልፋል። ስሙ የመጣው ከእንግሊዝ ፖስታ ቤት ነው፤ የቴሌግራፍ መስመር ብልሽት ይፈለግበት ነበር። አሠራሩ የዊትስተን ድልድይ ነው፤ ያልታወቀን ሬዚስታንስ ከታወቁት ጋር እያመዛዘነ ልኩን የሚያገኝ ዑደት ማለት ነው። ሐሳቡን በ1833 ያመጣው ሳሙኤል ክሪስቲ ነበር፤ ስሙ የቀረው ግን በ1843 ላስተዋወቀው ለቻርልስ ዊትስተን ነው። ለክሪስቲ ሁሌም አዝናለሁ።

ውታፎቹ ጠቁረው ነበር። ለተማሪዎች ላዘጋጅ ብዬ አንድ በአንድ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኳቸው። እንደ ወርቅ አበሩ። በጣም ደስ አለኝ።

በማግስቱ ልኩ የታወቀ የ5 ኦም ጥቅል አገናኘሁ። የድልድዩን አንዱን ክንድ 1000 ኦም፣ ሌላውን 10 ኦም አደረግሁ፤ እንዲህ ሲሆን ሳጥኑ የጥቅሉን ልክ መቶ እጥፍ አድርጎ ያሳያል። ትንሿን የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚያሳየው የጋልቫኖሜትሩ ቀስት ዜሮ ላይ መቆም የነበረበት 500 ኦም ሲነቀል ነው። 495 ላይ ቆመ። አንዱን ውታፍ ነካ ሳደርገው 497 ሆነ። ባትሪ ቀየርኩ፣ ሽቦ ቀየርኩ፣ ያው ነው። ግማሽ ቀኔ በዚሁ አለቀ።

ኃላፊያችን፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ መጥተው አንዱን ውታፍ ነቀሉና ወደ መብራት አስጠጉት።

«ምን አድርገኸው ነው?»

ነገርኳቸው። መልሰው ሰክተው በጣታቸው ጫፍ ነቀነቁት። ይላወሳል።

«ወደ ታች እየቀጠነ የሚሄደው ቀዳዳውን ዙሪያውን እንዲነካ ነው። አንተ እድፉን ብቻ ሳይሆን ቅርጹንም ፈግፍገህለታል።»

ነገሩ ያኔ ገባኝ። የ10 ኦሙ ክንድ ላይ የ100 እና የ1000 ውታፎች ተሰክተው ይቀመጣሉ። ሁለቱ በደንብ ካልገጠሙ መሃላቸው 0.1 ኦም ሊያድር ይችላል። ከ10 ኦም አንጻር 1 በመቶ ነው። 500ው ወደ 495 የወረደው በዚህች ነበር።

ጥቁረቱ ለካ በአልኮል በራሰ ጨርቅ የሚለቅ ነበር። የተበላሹትን ውታፎች አንድ የቶርኖ ባለሙያ ከየቀዳዳቸው ጋር አገጣጠመልን። ቦታቸው እንዳይቀያየር እያንዳንዱ ላይ ቁጥር ጻፍኩ። ጋሼ አሰካኩንም አሳዩኝ፦ ቀስ አድርጎ መጫን፣ ከዚያ ትንሽ ጠምዘዝ። አንዱ ሲነቀል ጎረቤቶቹ ስለሚላሉ፣ ከመለካት በፊት ሁሉንም እንደገና ጠምዘዝ ማድረግ። እንደዚያ አድርጌ የ5 ኦሙን ጥቅል ድጋሚ ለካሁት። ቀስቱ 500 ላይ ቀጥ አለ።