ሞልበሪ ላይ ያገኘነውን ዋግ የለየንበት መንገድ

ጅማ ውስጥ ዋግ፣ ማለትም ፈንገስ የሚያመጣው የቅጠል በሽታ፣ ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ቡናን ነው። የቡና ቅጠል ገልብጦ ያንን ብርቱካናማ ዱቄት ያላየ ገበሬ ማግኘት ይቸግራል። የሐር ትል የሚያረቡ አንዲት እናት ለትሉ መኖ የሚሆኑት የሞልበሪ ዛፎቻቸው ቅጠል ከሥር ቡናማ እየለበሰ ያለጊዜው መርገፍ ሲጀምርም፣ ጎረቤቱ ሁሉ የሰጠው መልስ አንድ ነበር፤ «ከቡናው ተጋብቶበት ነው።» ሥራዬ የዕፅዋት ጥበቃ ስለሆነ መልሱ ልክ እንዳልሆነ ገምቻለሁ። ግምትና ማስረጃ ግን ለየቅል ናቸው። ከዚያ ቅጠል ተነስተን የፈንገሱ ስም ላይ እስክንደርስ ምን እንዳደረግን የምጽፈው፣ ነገ ሌላ ሰው ሌላ ዛፍ ላይ ተመሳሳይ ነገር ቢገጥመው ከየት እንደሚጀምር እንዲያውቅ ብዬ ነው።

ዛፎቹ በግቢው አጥር ዙሪያ ተጠጋግተው የተተከሉ ናቸው። ከፊሎቹ ከቡናና ከእንሰት ጋር ተቀላቅለዋል። ወቅቱ ክረምቱ ሊወጣ የተቃረበበት ነበር። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ፣ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። በዚያ ወቅት ቅጠል ላይ ያደረ እርጥበት ረፋዱ ድረስ አይደርቅም። ዋግ የሚሻው ይህንኑ ነው፤ ስፖሩ፣ ማለትም ፈንገሱ የሚራባበት ዘር መሰል ብናኝ፣ ቅጠል ላይ አርፎ እንዲበቅል ለሰዓታት እርጥበት ማግኘት አለበት።

ቅጠሉን ከላይ ስታዩት ትንንሽ ቢጫ ነጠብጣቦች ናቸው፤ አይን አይስቡም። ሲገለበጥ ግን በእያንዳንዱ ቢጫ ነጠብጣብ ትይዩ ቀረፋ የመሰለ ቡናማ ብናኝ ተቀምጧል። እናትየው «ልጄ፣ የመንገዱ አቧራ ይሆናል እኮ» አሉኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ አጥሩ መኪና የሚመላለስበትን ኮረኮንች መንገድ ይዞ የሄደ ነው። «እማማ፣ እስቲ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት» አልኳቸውና ጠረጉት። ብናኙ ለቀቀ፤ ከሥሩ ግን የቅጠሉን ቆዳ ከውስጥ ገፍተው የቀደዱ ጥቃቅን እብጠቶች ቀሩ። አሥር እጥፍ በሚያጎላ የእጅ መነጽር ሲታዩ አፋቸው የተቀደደ ዳርቻ አለው። አቧራ ከላይ ያርፋል እንጂ ከውስጥ ቆዳ ቀድዶ አይወጣም።

ሞልበሪን የሚያጠቁ ሌሎች የቅጠል በሽታዎችንም አንድ በአንድ ማስወገድ ነበረብን። የዱቄት ሻጋታ የሚባለው እንደ ስሙ ነጭ ነው፤ በሞልበሪ ላይ ብዙውን ጊዜ የቅጠሉን ጀርባ ይይዛል፣ ቆዳ ግን አይቀድድም። ሰርኮስፖራ የሚባለው ፈንገስና ዘመዶቹ የሚያመጡት የቅጠል ነጠብጣብ ቡናማ ቢሆንም ቦታው ሞቶ ይደርቃል፣ አንዳንዴም ተቦድሶ ይወድቃል፤ በጣት ሲነካ ዱቄት አይወጣውም። ከዚህ ሌላ በእስያ የታወቀ፣ ኤሲዲየም ሞሪ የሚባል የሞልበሪ ዋግ አለ። እሱ እንቡጡን፣ የቅጠሉን እጀታና ለጋውን ቀንበጥ ይይዝና ያሳብጣል፣ ያጣምማል፣ ብርቱካናማ ያደርጋል። ስለዚህ ዛፎቹን ሁሉ ዞረን የተጣመመ ቀንበጥ ፈለግን፤ አላገኘንም። ያላገኘነውንም ማስታወሻው ላይ አሰፈርነው። «ፈልገን አጣን» የሚለው ዓረፍተ ነገር በኋላ ላይ ከፎቶግራፍ በላይ ነው የጠቀመን።

ናሙና አያያዝ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ጥሩ ግኝት የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ቅጠል በፌስታል አይያዝም። በጅማ እርጥበት ፌስታል ውስጥ የገባ ቅጠል ያልበዋል፣ በማግስቱ ሌላ ሻጋታ ይወርሰዋል፣ ከዚያ በኋላ የምታዩት ዋጉን ሳይሆን ሻጋታውን ነው። እኛ ቅጠሎቹን በጋዜጣ መሐል ዘርግተን፣ ጫና አድርገንበት፣ ጋዜጣውን በየዕለቱ በደረቅ እየቀየርን አደረቅናቸው። ሲደርቁ በታጠፈ የወረቀት ፖስታ ውስጥ ገቡ። ለዲኤንኤ የሚሆኑትን ቅጠሎች ደግሞ ለብቻ እርጥበት በሚመጥ ሲሊካ ጄል አደረቅናቸው። በእያንዳንዱ ፖስታ ላይ ቀኑ፣ ቦታው፣ ከፍታው፣ የዛፉ ዓይነትና የሰብሳቢው ስም ተጻፈ። ከዚያው ዛፍ ፍሬ የያዘ ቅርንጫፍም አብሮ ደረቀ።

ቅርንጫፉ ያስፈለገው ዛፉን ራሱን ለማረጋገጥ ነው። ዋግ የሚኖርበትን ዛፍ አጥብቆ የሚመርጥ ፍጥረት ነው፤ የዛፉ ስም ከተሳሳተ የፈንገሱም ስም ተከትሎ ይሳሳታል። ለሐር ትል ብለን የምንተክለው ሞልበሪ ከውጭ የመጣ ነው፤ በብዛት የሚታወቀው ሞሩስ አልባ ነው። በደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን ውስጥ ግን ሞሩስ ሜሶዚጊያ የሚባል አገር በቀል ዘመድ አለው፤ ትልቅ የደን ዛፍ ነው። ሾላና ዋርካም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ይህ ዝምድና ዋጉ ከየት ሊመጣ እንደሚችል ለማሰብ ይረዳል፤ ከቡና ይልቅ ሾላን መጠርጠር የሚያስኬደውም በዚህ ምክንያት ነው።

የቡናውን ጉዳይ ግን በቃል ክርክር መፍታት አልፈለግኩም። ከዚያው ግቢ ዋግ የያዘ የቡና ቅጠል ቆርጬ ከሞልበሪው ጋር ወደ ቤተ ሙከራ ወሰድኩ። ሁለቱንም በግልጽ ፕላስተር ከቅጠሉ ጀርባ አንስቼ፣ በላክቲክ አሲድ ጠብታ ስላይድ ላይ አስቀምጬ፣ በ400 እጥፍ አየኋቸው። የቡናው ዋግ፣ ሄሚሊያ ቫስታትሪክስ፣ ስፖሩ ኩላሊት የመሰለ ነው፤ በጉብታው በኩል በእሾህ የተሸፈነ፣ በሌላው በኩል ልሙጥ። የሳይንሳዊ ስሙ የመጀመሪያ ክፍል ራሱ ይህን ግማሽ ልሙጥነት የሚያመለክት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1869 ከሲሎን (ከዛሬዋ ስሪላንካ) በሄደ ናሙና ላይ የተሰጠ ነው። ቅጠሉን ሲወጣም ቆዳ አይቀድድም፤ በቅጠሉ መተንፈሻ ቀዳዳዎች በኩል እንደ እቅፍ አበባ ተሰብስቦ ብቅ ይላል። የሞልበሪው ስፖር ደግሞ የእንቁላል ቅርጽ አለው፣ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ቡናማ ነው፣ ዙሪያውን በሙሉ በደቃቅ እሾህ ተሸፍኗል፤ የወጣውም ቆዳውን ቀድዶ ነው። ሁለቱ ስላይዶች ጎን ለጎን ሲሆኑ ክርክሩ አለቀ። እናትየውንና ጎረቤቶቻቸውን በማይክሮስኮፑ እንዲያዩ ጋበዝኳቸው። በዓይኑ ያየ ሰው ለሌላው ሲያስረዳ ከእኔ ማብራሪያ በላይ ይሰማል፤ ቡናቸውን ነቅለው ሊጥሉ ያሰቡ እንደነበሩ የሰማሁትም ያኔ ነው።

ከዚህ በኋላ አንድ ያልጠበቅነው ነገር መጣ። በአንዳንድ አሮጌ እብጠቶች ውስጥ፣ ከቡናማው ብናኝ መሐል፣ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ የሚያብረቀርቁ ጥቁር ነጥቦች ነበሩ። የዋግ ፈንገሶች በሕይወት ዑደታቸው ከአንድ በላይ የስፖር ዓይነት ያመርታሉ፤ ከእነዚህ አንዱ፣ ቴሊዮስፖር የሚባለው፣ ብዙ ጊዜ ጠቆር ይላል፣ ዝርያን ለመለየትም እጅግ ይፈለጋል። በሞቃታማ አገር የሚገኙ ብዙ ዋጎች ይህን ስፖር እምብዛም ስለማያሳዩ፣ ተገኘ ቢባል ትልቅ ነገር ነው። ነጥቡን በቀጭን መርፌ አውጥተን ስላይድ ላይ ስንጨፈልቀው የወጡት ስፖሮች ግን ቀለም አልባ፣ ለሁለት የተከፈሉ፣ በሁለቱም ጫፍ ዝልግልግ ቆብ ያላቸው ነበሩ። ይህ የዋጉ አካል አይደለም። ስፌሬሎፕሲስ ፊሉም የሚባል፣ በዋግ ላይ እየተመገበ የሚኖር ሌላ ፈንገስ ነው። በሽታውም በሽታ አለው ማለት ነው። በቡና ዋግ ላይ ነጭ ሆኖ የሚታየውን ሌካኒሲሊየምን የሚያውቅ ሰው ለዚህ እንግዳ አይሆንም። ይህቺን ጥቁር ነጥብ ሳይጨፈልቁ በፎቶ ብቻ «ቴሊየም» (ቴሊዮስፖር የሚያፈራው አካል) ብሎ መጻፍ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ አስቡት።

ስፖር መለካት ትዕግሥት የሚጠይቅ እንጂ ከባድ ሥራ አይደለም። የማይክሮስኮፑ መለኪያ አስቀድሞ ልኩ በታወቀ የስላይድ መለኪያ መስተካከል አለበት፤ ያለዚያ ቁጥሩ ከንቱ ነው። ከአንድ ቅጠል ብቻ ሳይሆን ከተለያዩ ዛፎች ቢያንስ 30 ስፖር መለካት፣ ትልልቆቹን ብቻ አለመምረጥም ያስፈልጋል። አብዛኞቹ ርዝመታቸው ከ20 እስከ 28፣ ስፋታቸው ከ15 እስከ 21 ማይክሮሜትር ሆነ። እያንዳንዱ ስፖር ብቻውን በአጭር እግር ላይ ይቆማል፤ እንደ ኤሲዲየም በሰንሰለት አይያያዝም። ይህ ሁሉ ሴሮቴሊየም ፊሲ ከሚባለው የሾላ ቤተሰብ ዋግ ጋር ይገጥማል።

እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ይህ ፈንገስ በጽሑፍ ውስጥ ስሙ የተበታተነ ነው። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1848 ኡሬዶ ፊሲ ተባለ፣ በኋላ ሴሮቴሊየም ፊሲ፣ በአንዳንዶች ዘንድ ደግሞ ፊሶፔላ ፊሲ። ህንድ ውስጥ የሞልበሪ ቡናማ ዋግ በሴሮቴሊየም ስም ሲጻፍ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ፔሪዲዮፕሶራ ሞሪ የሚል ስያሜ መጣ። ጃፓን ውስጥ በበለስ ዛፍ ላይ ከእሱ ጋር በጣም የሚመሳሰል ፋኮፕሶራ ኒሺዳና የሚባል ሌላ ዋግ አለ። መዛግብት ሲፈተሹ በአንዱ ስም ብቻ ፈልጎ «አልተመዘገበም» ማለት አይቻልም፤ በሁሉም ስሞችና በሁሉም ዘመድ ዛፎች ነው የሚፈለገው። ይህ የወንበር ሥራ ከመስኩ ሥራ በላይ ጊዜ ወሰደ፤ ባይማርክም የሚዘለል አይደለም።

ለዚህም ነው ዲኤንኤ ያስፈለገው። ዋግ በሕይወት ያለ ቅጠል ካላገኘ ስለማያድግ እንደ ሌላው ፈንገስ በሳህን አሳድጎ ንጹሕ ዘር ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ ጥቁር ነጥብ የሌለበት አንድ ንጹሕ እብጠት ብቻ በመነጽር ሥር ተመርጦ ተቆርጦ ወጣ፤ ያለዚያ በዋጉ ላይ የሚኖረው ፈንገስ አብሮ ይነበባል። 28ኤስ የሚባለው የዘር ክፍል ተነቦ በጄንባንክ፣ የተነበቡ የዘር ክፍሎች በሚከማቹበት ዓለም አቀፍ ማኅደር፣ ካሉት ጋር ሲነጻጸር ቅርብ የሆነው በሴሮቴሊየም ፊሲ ስም ከተቀመጡት ጋር ነው። በጄንባንክ ያለ ስም ግን አስገቢው የሰጠው ስም ነው። እኛ ያመንነው ከጀርባቸው የደረቀ ናሙና ያላቸውን፣ ሄዶ ማየት የሚቻለውን ብቻ ነው።

በጎን ደግሞ ከሞልበሪ ቁራጭ ያበቀልናቸውን ጤነኛ ችግኞች ቅጠል ጀርባ በስፖር ውኃ ቀባን፣ ለሌሎቹ ንጹሕ ውኃ ብቻ ሰጠን፣ ሁሉንም ሌሊቱን በላስቲክ ሸፈንን። ዋጉ በስፖር በተቀቡት ላይ ወጣ፤ በሌሎቹ ላይ አልወጣም። አብረን የቀባነው የቡና ችግኝም ንጹሕ ሆኖ ቀረ።

እኔ ባገላበጥኳቸው መዛግብት ጅማ ላይ በሞልበሪ የተመዘገበ ዋግ አላገኘሁም፤ ስለዚህ ለአካባቢው አዲስ ምዝገባ አድርገን አቅርበነዋል። አዲስ ምዝገባ ማለት በሽታው ዛሬ መጣ ማለት አይደለም። ሳይታይ የኖረ ሊሆን ይችላል፣ ከችግኝ ጋር የገባም ሊሆን ይችላል። ማለት የሚቻለው በዚህ ቀን፣ በዚህ ዛፍ ላይ፣ ይህ ፈንገስ እንደነበረ፣ ናሙናውም ስላለ ማንም መጥቶ መፈተሽና ከፈለገ መሻር እንደሚችል ነው። በእኔ እምነት ናሙና ያላስቀመጠ ሰው ፎቶግራፉ ምንም ቢያምር አልመዘገበም።

ለእናትየው ዛፎች ያደረግነው ቀላል ነው። ዋግ የያዘው ቅጠል ውኃውና ንጥረ ነገሩ ስለሚቀንስ ትሉ በደንብ አይበላውም፤ ኬሚካል እንርጭ ቢባል ደግሞ ቅጠሉ የትል መኖ ነው። ስለዚህ ዛፎቹን አጥብቀን ገረዝን፣ በመሐላቸው ነፋስ እንዲገባ አንዳንዶቹን አነሳን፣ የረገፈውን ቅጠል ሰብስበን ቀበርን። ቅጠሉንም ሳያረጅ፣ ዋጉ ከታችኛው ወደ ላይኛው ሳይወጣ፣ ቀደም ብለው እንዲለቅሙ ተስማማን።

አሁን የቀረን በአዌቱ ወንዝ ዳርና በጅረን ኮረብታ ዙሪያ ያሉት ሾላዎችና፣ ደን ውስጥ ያለው አገር በቀሉ ሞሩስ ናቸው። ያው ዋግ በእነሱም ላይ ይኖር እንደሆነ በመጪው መስከረምና ጥቅምት እንፈትሻለን። በጅማ ዙሪያ ሞልበሪ ወይም ሾላ ያላችሁ፣ ጀርባው ላይ ቡናማ ብናኝ ያለበት ቅጠል ካገኛችሁ፣ በጋዜጣ መሐል አድርቃችሁ በወረቀት ፖስታ አስቀምጡልን፤ ቀኑንና ቦታውን ጻፉበት፣ ፍሬ ያለው ትንሽ ቅርንጫፍም ጨምሩበት።